ኪቲ ዌልስ የአንድ ዘፈን ባለቤት ብቻ አልነበረችም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

የካንትሪ ሙዚቃ ንግሥት እየተባለች ስለምትጠራው አሜሪካዊት ድምፃዊት ስለ ኪቲ ዌልስ በቅርቡ በአማርኛ የቀረበ አንድ ጽሑፍ አንብቤአለሁ። እኛ ዘንድ ካንትሪ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚሉን ኬኒ ሮጀርስና ዶሊ ፓርተን ስለሆኑ፣ ከእነርሱ በፊት ስለነበረው ትውልድ በቋንቋችን የሚጽፍ ሰው መገኘቱ ያስደስታል፤ የጸሐፊውንም ድካም አላቃልልም። ይሁን እንጂ ጽሑፉ የያዛቸው ዋና ዋና ሐሳቦች ከታሪኩ ጋር የማይስማሙ በመሆናቸው እንዲሁ ሊታለፉ አይገባም። በዚህ ምላሽ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊው የሚሉት በአጭሩ ይህ ነው፦ ከኪቲ ዌልስ በፊት በካንትሪ ሙዚቃ ውስጥ ሴት ዘፋኝ አልነበረችም፤ ዝናዋ የመጣው አንድ ወንድ ዘፋኝ ባገኘው ስኬት ላይ ተንጠልጥላ በዘፈነችው አንድ የመልስ ዘፈን፣ «ኢት ዋዝንት ጋድ ሁ ሜድ ሆንኪ ቶንክ ኤንጅልስ» (የመጠጥ ቤት መላእክትን የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም) በሚለው ነው፤ ዘፈኑ የታገደውም በእግዚአብሔርና በቤተ ክርስቲያን ላይ ስላመፀ ነው፤ ከመድረክ ስሟ ጀምሮ ሁለመናዋ የባሏ ሥራ ነው፤ በመጨረሻም ሌላዋ የካንትሪ ድምፃዊት ፓትሲ ክላይን ስትመጣ ተረሳች። እነዚህ አምስት ነጥቦች ለየብቻቸው የቆሙ ቢመስሉም ሁሉም የሚያመሩት ዕድል ያነሣት፣ ዕድልም የጣላት ሴት ነበረች ወደሚል አንድ ድምዳሜ ነው። የእኔ ክርክር ደግሞ ኪቲ ዌልስ ከሁሉ በፊት የሙያ ሰው ነበረች የሚል ነው። ያ ዘፈን ከመሰማቱ በፊት 16 ዓመት በሬዲዮና በመድረክ ሠርታለች፤ ከተሰማም በኋላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ከመድረክ አልወረደችም። የተቀረጸችበት የአንድ ቀን ሥራ ይህን ሁሉ ሊያስረዳ አይችልም።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። ከ1952 በፊት ካንትሪ የወንዶች ብቻ ነበር መባሉ ከእውነቱ በጣም የራቀ ነው። ይህ ሙዚቃ እንደ ንግድ ሥራ ተወለደ የሚባለው በ1927 የበጋ ወራት ራልፍ ፒር የተባለው ባለሙያ ቴነሲና ቨርጂኒያ በሚዋሰኑባት በብሪስቶል ከተማ የተራራማውን አገር ዘፋኞች ጠርቶ ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ ሲያስቀርጽ ነው። በዚያ ከተገኙት መካከል የካርተር ቤተሰብ አንዱ ነበር፤ ከሦስቱ አባላት ደግሞ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። መሪው ድምፅ የሣራ፣ ጊታሩ የሜይቤል ነበር። ሜይቤል በአውራ ጣቷ ዜማውን በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እያወጣች በሌሎቹ ጣቶቿ ምቱን የምትጠብቅበት ስልት ዛሬም በስሟ የሚጠራ፣ ጊታር የሚማር ሰው የሚለማመደው ስልት ነው። ኪቲ ዌልስ በዚያን ጊዜ ስምንት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ከዚያ በኋላ በ1935 ፓትሲ ሞንታና የከብት ጠባቂ ወዳጅ ለመሆን የምትመኝ ልጃገረድን የሚገልጽ ዘፈኗን አስቀረጸች፤ ይህ ሸክላ ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠ የመጀመሪያው የካንትሪ ሴት ዘፋኝ ሥራ ተብሎ ይጠቀሳል። በካሊፎርኒያ ከወንድሞቿ ጋር ስትዘፍን የነበረችው ሮዝ ማዶክስም ሆነች በመንፈሳዊ መዝሙሮቿ የታወቀችው ሞሊ ኦዴይ ከኪቲ ዌልስ ዝና በፊት የነበሩ ናቸው።

ታዲያ ኪቲ ዌልስ የመጀመሪያዋ የሆነችው በምንድን ነው? ቢልቦርድ መጽሔት በሚያወጣው የካንትሪ የደረጃ ሰንጠረዥ ላይ ብቻዋን ዘፍና አንደኛ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት እርሷ ናት። ብቻዋን የሚለው ቃል ሊዘነጋ አይገባም፤ ማርጋሬት ዋይቲንግ በ1949 ከጂሚ ዌክሊ ጋር ተቀባብላ በዘፈነችው ዘፈን አንደኛ ወጥታ ነበርና። ሰንጠረዡም ራሱ መውጣት የጀመረው በ1944 በመሆኑ፣ ፓትሲ ሞንታናን በእርሱ መመዘን አይቻልም። ጸሐፊው ይህን ጠባብና ትክክለኛ እውነት ትተው ሰፊውንና ስሕተት የሆነውን መርጠዋል።

ይህን ያህል የምከራከረው ለማዕረግ ብዬ አይደለም። ቀደምት ሴቶቹን ስንሰርዛቸው ኪቲ ዌልስ የተጋፈጠችው እንቅፋት ምን እንደነበር አብሮ ይጠፋብናል። ሴቶች ከመድረኩ አልጠፉም ነበር፤ ነገር ግን የሚቆጠሩት ከቤተሰብ ወይም ከባንድ ጋር ነበር። የሸክላ አሳታሚዎችና የዝግጅት አዘጋጆች ሴት ብቻዋን ሸክላ አትሸጥም፣ ብቻዋንም አዳራሽ አትሞላም ብለው ያምኑ ነበር። በትርዒቱ መካከል ገብታ አንድ ሁለት ዘፈን ዘፍና የምትወጣ ልጅ ግን በብዙ ባንዶች ዘንድ አትታጣም። የኪቲ ዌልስም የመጀመሪያ ዓመታት ሥራ ይኸው ነበር።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ስመጣ፣ ጸሐፊው የመልስ ዘፈንን የሚያዩት እንደ ጥገኝነት ነው። የአዝማሪ ቤት ለሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ይህ አመለካከት እንግዳ ሊሆንበት ይገባል፤ በእኛ ዘንድ አንዱ ለጣለው ግጥም ሌላው አጸፋውን ሲመልስ የሚደነቀው መላሹ እንጂ በሰው ግጥም ተንጠላጠለ ተብሎ የሚወቀስ የለም። ለማንኛውም ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በ1952 ሃንክ ቶምፕሰን የዘፈነው «ዘ ዋይልድ ሳይድ ኦቭ ላይፍ» ለ15 ሳምንታት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ዘፈኑ ትዳሯን ትታ ወደ መጠጥ ቤት ሕይወት ስለተመለሰች ሴት የሚያማርር ባል ድምፅ ነው፤ የሆንኪ ቶንክ መላእክትን እግዚአብሔር እንደሚፈጥር አለማወቁን ይናገራል። ሆንኪ ቶንክ የሚባሉት ቤቶች የአልኮል ክልከላው በ1933 ከተነሣ በኋላ በተለይ በቴክሳስ የነዳጅ ጉድጓዶች አካባቢ የፈሉ፣ ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያጫውት ሳጥን በአንድ ጥግ የቆመባቸው የመጠጥና የጭፈራ ቤቶች ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወንዶቹ ከግንባር ሲመለሱ ብዙ ትዳር ፈርሶ ነበር፤ ሚስቶችም በጦርነቱ ጊዜ በየፋብሪካው ሠርተው የራሳቸውን ደመወዝ ቀምሰው ነበር። የዘመኑ ዘፈኖች ስለ ክህደትና ስለ መጠጥ አብዝተው የሚናገሩት ከዚህ የተነሣ ነው፤ የሚናገሩትም በአብዛኛው በወንዱ አንደበት ነበር።

መልሱን የጻፈው የሉዊዚያናዋ ክራውሊ ከተማ ሰው ጄ. ዲ. ሚለር ነው። በመልሱ ውስጥ ያችው ሴት ያንኑ ዘፈን በመጠጥ ቤቱ ሳጥን ሲዘፈን ትሰማና፣ እንዲህ ያሉትን ሴቶች የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም፣ ሚስት እያላቸው ላጤ ነን የሚሉ ወንዶች ናቸው ብላ ትመልሳለች። ጸሐፊው ስለዚህ ዘፈን ይህን ያህል ገጽ ሲጽፉ የደራሲውን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አለማንሣታቸው ይገርማል። ቢያነሡት ኖሮ ክርክራቸው ራሱ ይፈርስ ነበር፤ ሚለር ዘፈኑን በመጀመሪያ ያስቀረጸው በራሱ ትንሽ የሸክላ ድርጅት፣ ኤል ሞንትጎመሪ በምትባል ሌላ ሴት ድምፅ ነበርና። ዝናውን ያመጣው በቶምፕሰን ስኬት ላይ መንጠላጠሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዋም በዚያው ትታወቅ ነበር። እርግጥ ነው፣ የሉዊዚያና ትንሽ ድርጅት የኪቲ ዌልስን ሸክላ እንዳሳተመው እንደ ዴካ ካለ ትልቅ ኩባንያ እኩል ሸክላውን በመላ አገሪቱ ማዳረስ አይችልም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን በእነዚያ ዓመታት ትልልቆቹ ኩባንያዎችም ገበያ ላይ የወጣውን ዘፈን ሁሉ በመልስ ዘፈን ሲያሳድዱ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው ሸክላ ሰብሳቢ ብቻ ነው።

የተቀረጸበትን ቀን ጠጋ ብለን ብናየው ነገሩ የበለጠ ይገለጻል። ሜይ 3 ቀን 1952 የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው በቴነሲዋ ናሽቪል፣ ቱሌን ሆቴል ውስጥ በነበረው ካስል ስቱዲዮ ኪቲ ዌልስ ማይክሮፎን ፊት ስትቆም 32 ዓመቷ፣ የሦስት ልጆችም እናት ነበረች። ሥራውን ለዴካ የሚያስተባብረው ፖል ኮኸን ሲሆን፣ ቀረጻውን የመራው በኋላ «የናሽቪል ድምፅ» የተባለውን ለስላሳ የካንትሪ ስልት ከቀየሱት ሰዎች አንዱ የሆነው ኦወን ብራድሊ ነበር። ስቲል ጊታሩን ሻት ጃክሰን፣ ቫዮሊኑን ፖል ዋረን ይጫወታሉ፤ ሁለቱም አብረዋት በየከተማው ሲዞሩ የኖሩ፣ ትንፋሿን የሚያውቁ ሙዚቀኞች ናቸው። እርሷ ዘፈኑ ይወጣለታል ብላ አላሰበችም። እንዲያውም ሙዚቃውን ትታ ቤቷን ለማስተዳደር እያሰበች ነበር፤ የመጣችው ለቀረጻ የሚከፈላትን 125 ዶላር ፈልጋ እንደሆነ ራሷ ከአንዴም ሁለቴ ተናግራለች። ጸሐፊው ይህን የ125 ዶላር ታሪክ ጠቅሰው «ዕድል» ለሚሉት ነገር ማስረጃ አድርገውታል። እኔ የማየው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለዘፈኑ ብዙም ግምት ያልሰጠች ሴት፣ ለክፍያው ብላ የገባችበትን ሥራ እንደዚያ አድርጋ ከተወጣችው፣ ያ ልምድ የሚሉት ነገር ነው።

ሸክላውን የሰማ ሰው የምለው ይገባዋል። ድምፅዋ ከአፍንጫ የሚወጣ፣ ስስና ቀጥ ያለ ነው፤ አታስጌጥም፣ አትጮኽም። በየሐረጉ መጨረሻ ላይ ድምፁ ለቅጽበት ሊሰበር ይቃጣውና መልሳ ትይዘዋለች። የተናደደች ሴት ግጥም ነው፣ አዘፋፈኑ ግን የንዴት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ አስባበት አሁን ብቻ የተናገረች ሰው አነጋገር ነው። ሌላ ዘፋኝ እንባ ወይም ጩኸት ብትጨምርበት ዘፈኑ ወደ ጠብ ይለወጥ ነበር። ዜማውማ አዲስ አልነበረም፦ የካርተር ቤተሰብ በ1929፣ ሮይ አከፍ በ1936፣ ሃንክ ቶምፕሰንም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በየራሳቸው ግጥም የዘፈኑት የቆየ ዜማ ነው። አድማጩ አራተኛ ጊዜ ለቀረበለት ዜማ ጆሮውን የሰጠው በግጥሙና በድምፅዋ ምክንያት ነው ብሎ ማሰብ ያስኬዳል።

በኦገስት ወር ሸክላው አንደኛ ወጣ፤ ለስድስት ሳምንታትም በዚያው ቆየ፤ በመጀመሪያው ኅትመት ብቻ ከ800,000 ቅጂ በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። ከዚያስ? ጸሐፊው ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሰጥተውታል። በ1953 ለዌብ ፒርስ ዘፈን ሌላ መልስ ሰጥታ እንደገና ከአሥሩ ቀዳሚዎች ተርታ ገባች፤ ይህን ቢያነሡት ኖሮ ቢያንስ ለክርክራቸው ይጠቅማቸው ነበር። በ1954 ከሬድ ፎሊ ጋር የተቀባበለችው «ዋን ባይ ዋን» አንደኛ ወጣ። በ1955 «ሜኪንግ ቢሊቭ» ሁለተኛ ደረጃ ላይ ለ15 ሳምንታት ተቀመጠ፤ ከላዩ የነበረው የዌብ ፒርስ ዘፈን አልንቀሳቀስ ብሎ እንጂ አንደኛ መሆን የሚያንሰው አልነበረም። ይህ ዘፈን የማንም መልስ አይደለም፤ የተለየችውን ሰው አሁንም የእርሷ እንደሆነ እያስመሰለች ስለምትኖር ሴት የሚናገር ነው። ለእኔ ከሥራዎቿ ሁሉ የሚበልጠውም እርሱ ነው። በ1956 ዴካ ሙሉ ረጅም ሸክላ አሳተመላት፤ ኩባንያዎች ይህን ለካንትሪ ሴት ዘፋኝ ማድረግ ገና አልለመዱም ነበር። ሬይ ቻርልስ በ1962 ዓለም ያወቀለትን የዶን ጊብሰንን «አይ ካንት ስቶፕ ላቪንግ ዩ» እርሷ በ1958 ዘፍና ሦስተኛ ደረጃ አድርሳዋለች። በ1959 ዴካ የዕድሜ ልክ ውል አስፈረማት። ነጋዴ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ዕድል ለታወቀች ዘፋኝ፣ ያውም ከሰባት ዓመት በኋላ፣ እንዲህ ያለ ውል አይሰጥም።

ሦስተኛው ነጥብ እግዱ ነው። ዘፈኑ በኤን ቢ ሲ የሬዲዮ መረብ መታገዱ፣ ግራንድ ኦል ኦፕሪ የሚባለው ዝነኛው የናሽቪል የካንትሪ ሬዲዮ ትርዒትም በመጀመሪያ እንዳይዘፈን መከልከሉ እውነት ነው። ምክንያቱን ግን ጸሐፊው የወሰዱት ከርእሱ ብቻ ይመስላል። ግጥሙ እግዚአብሔርን የሚወቅስ ሳይሆን ከወቀሳ ነጻ የሚያደርግ ነው፤ ጥፋቱን ከፈጣሪ ላይ አንሥቶ በባሎች ላይ የሚጥል ዘፈን በሃይማኖት ላይ ዐመፀ ሊባል አይችልም። ስለ ሆንኪ ቶንክ መላእክት የፈጣሪን ስም እያነሣ የዘፈነው የቶምፕሰን ሸክላ በየጣቢያው ያለ ችግር ሲጫወት ከርሟል። ያስቆጣው ነገር ሴት በአንደኛ መደብ ሆና ስለ መጠጥ ቤትና ስለ ባለትዳር ወንድ ማንሣቷ ነበር።

ይህን የምለው በግምት አይደለም፤ ተመሳሳይ ነገር በሕይወቷ ቀደም ብሎ ደርሷል። በ1936፣ ገና በአሥራ ሰባት ዓመቷ አካባቢ፣ ከዘመዶቿ ጋር ዲሰን ሲስተርስ በሚል ስም ደብሊው ኤስ አይ ኤክስ በሚባለው የናሽቪል ጣቢያ ቀርባ የካርተር ቤተሰብን አንድ የቅናት ዘፈን ስትዘፍን፣ ግጥሙ አንዲት ሴት ለወደደችው ወንድ ያላትን ናፍቆት በግልጽ ስለሚናገር ለሬዲዮ አይመጥንም ተብሎ መሃል ላይ ተቆረጠባቸው። አድማጮች ቅሬታ ሲያሰሙ ጣቢያው ልጆቹን መልሶ ጠርቶ የማለዳ ዝግጅት ሰጣቸው። ከ16 ዓመት በኋላም የሆነው ይኸው ነው፦ ጣቢያው ይከለክላል፣ ሕዝቡ ይገዛል፣ ክልከላው ይላላል። በዚያው በ1952 ኪቲ ዌልስ የኦፕሪ አባል ሆና ነበር። ጸሐፊው ዐመፀኛ አድርገው የሣሏት ሴት በመንፈሳዊ መዝሙር ያደገች፣ ዕድሜዋን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ መድረክ ላይም በዳንቴልና በቼክ ጨርቅ ቀሚስ የምትቀርብ ነበረች። ቀሚሱን ኩባንያው የጫነባት ጭንብል ነው የሚለው አስተያየታቸውም ማስረጃ አልቀረበበትም። በእኔ ግምት የዘፈኑ ኃይል ከዚሁ የመጣ ነው፤ ቃሉን የተናገረችው የመጠጥ ቤት ሴት ብትሆን የሚያጣጥለው ሰው አይታጣም ነበር፣ ልጆቿን በመኪና ጭና ከትርዒት ወደ ትርዒት የምትሄድ ባለትዳር ስትናገረው ግን መልስ ጠፋ።

ስለ ባሏ ስለ ጆኒ ራይት ጸሐፊው ያሉት ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። የተወለደችበት ስም ኤለን ሙሪየል ዲሰን ነው፤ ኪቲ ዌልስ የሚለውን በ1943 ያወጣላት ባሏ ነው፣ ከአንድ የቆየ ሕዝባዊ ዘፈን ወስዶ። ዝግጅቶቿንም የሚያስተዳድረው እርሱ ነበር። ነገር ግን በ1937 ሲጋቡ እርሷ ከአንድ ዓመት በፊት በሬዲዮ የተሰማች ዘፋኝ ነበረች። አባቷ በባቡር ፍሬን ሠራተኛነት እየኖረ ጊታር የሚጫወት፣ እናቷም መዝሙር የምትዘምር ሴት ነበሩ፤ እርሷም በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ትምህርቷን አቋርጣ በናሽቪል የልብስ ፋብሪካ ሸሚዝ እየተኮሰች ጊታሯን አልተወችም። ሙዚቃን ከባሏ አልተማረችም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለጸሐፊው ሐሳብ የሚመቹ ይመስላሉ፤ ጆኒ ራይት ከጃክ አንግሊን ጋር ጆኒ ኤንድ ጃክ የሚባል ጥንድ አቋቁሞ ከጣቢያ ጣቢያ ሲዞር እርሷ በትርዒታቸው ውስጥ የምትዘፍነው ጥቂት ነበር። በሽሬቭፖርት ከተማ በኬ ደብሊው ኬ ኤች ጣቢያ በነበሩበት ጊዜ፣ ከ1948 ጀምሮ፣ ሉዊዚያና ሄይራይድ በሚባለው ትልቅ ዝግጅት ላይ ከመዝፈኗ ሌላ የጨርቅ አሻንጉሊት በሚል ቅጽል ስም ሸክላ እያጫወተች፣ ለብርድ ልብስ መሥሪያ የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ በሬዲዮ ታስተዋውቅና ትሸጥ ነበር። ጸሐፊው ይህን እንደ ውርደት ጠቅሰውታል። እኔ ግን የሚያስተምር ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ብርድ ልብስ እየጣፉ ሬዲዮ ከሚሰሙት የገጠር ሴቶች ጋር በየቀኑ የምታወራው እርሷ ነበረች። ናሽቪል ውስጥ ሴት ሸክላ አትገዛም የሚሉት ሰዎች የማያውቁትን ገዢ ኪቲ ዌልስ በድምፅም በደብዳቤም ታውቀዋለች። በ1949 አር ሲ ኤ ለተባለው ኩባንያ ያስቀረጸቻቸው፣ አብዛኞቹ መንፈሳዊ የሆኑ ሸክላዎች አልተሸጡም፤ ኩባንያውም ተዋት። ባሏ ሁሉን ማድረግ የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ በዚያን ጊዜ ባደረገው ነበር።

ጆኒ ራይትን የሚያስመሰግነው ሌላ ነገር ነው። ሮይ አከፍ፣ የኦፕሪ ትልቁ ሰው፣ ሴትን የትርዒት ዋና ስም አድርገህ አትውጣ፣ ሕዝቡ አይመጣልህም ብሎ መክሮት ነበር። ራይት አልሰማውም። ከ1952 በኋላ በማስታወቂያው ላይ የሚስቱ ስም ጎልቶ ወጣ፤ ጃክ አንግሊን በማርች 1963 ወደ ፓትሲ ክላይን የመታሰቢያ ሥርዓት ሲሄድ በመኪና አደጋ ከሞተ በኋላም ራይት የራሱን ሥራ ከእርሷ ትርዒት ጋር አንድ አደረገ፤ በ1969 በቴሌቪዥን የጀመሩት የቤተሰብ ዝግጅት ላይ ስማቸው ሲጻፍ የሚቀድመው የእርሷ ነበር። እርሱም በ1965 የራሱ አንደኛ የወጣ ዘፈን ነበረው፤ ስለዚህ ሥራ አጥቶ የተጠጋ ሰውም አልነበረም። እንዲህ ያለ ትዳር ውስጥ ማን ማንን ሠራ የሚለው ጥያቄ ብዙ አያራምድም፤ ጸሐፊው የግድ ይመለስ ካሉ ግን መልሱ እርሳቸው ከሰጡት የተለየ ነው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ፓትሲ ክላይን ስትመጣ ተረሳች የሚለው፣ በዓመታቱ ብቻ ይወድቃል። ፓትሲ ክላይን በ1961 «አይ ፎል ቱ ፒስስ» በሚለው ዘፈኗ አንደኛ ስትወጣ፣ ኪቲ ዌልስ በዚያው ዓመት «ሃርትብሬክ ዩ ኤስ ኤ» በሚለው ዘፈኗ አንደኛ ወጥታለች። ከክላይን ሞት በኋላም እስከ 1965 ድረስ ከአሥሩ ቀዳሚዎች ተርታ አልጠፋችም። ሁለቱን እንደ ባላንጣ ማቅረቡም አያስኬድም፤ ሁለቱን ያስቀረጸው ያው ኦወን ብራድሊ ነው። የኪቲ ዌልስ ሸክላ ከተሸጠ በኋላ ዴካ ጎልዲ ሂልን፣ ካፒቶል ደግሞ ጂን ሼፐርድን አስፈርመው በ1953 ሁለቱም አንደኛ ወጥተዋል። የሚገርመው ሼፐርድን ለካፒቶል ያስተዋወቃት ራሱ ሃንክ ቶምፕሰን ነው፤ ሴቶችን በመውቀስ በታወቀው ዘፈን የከበረው ያው ሰው ማለት ነው። ሎሬታ ሊንም በ1960 የመጀመሪያ ሸክላዋን ስታስቀርጽ ኪቲ ዌልስን እያሰበች እንደዘፈነች ራሷ ትናገር ነበር፤ ሸክላውን የሰማም ሳይነገረው ያውቀዋል።

ከ1965 በኋላ የደረጃ ሰንጠረዡ ፊቱን አዞረባት፤ ይህ እውነት ነው። የናሽቪል ድምፅ በቫዮሊን ቡድንና በአጃቢ መዘምራን እየተለሰለሰ ሲሄድ የእርሷ ቀጥተኛ አዘፋፈን ያረጀ መሰለ። መድረኩን ግን አልተወችም፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር በአውቶቡስ እየዞረች መዝፈኗን ቀጠለች። በ1974፣ በ55 ዓመቷ አካባቢ፣ በአሜሪካዋ የጆርጂያ ግዛት ካፕሪኮርን ለተባለው የደቡብ ሮክ ድርጅት፣ ከወጣት የሮክ ሙዚቀኞች ጋር ሙሉ ሸክላ ሠራች፤ ጸሐፊው ይህን ሥራ አለማንሣታቸው ያሳዝናል፣ ሰምተውት ከሆነ ተረሳች ለማለት ብዕራቸው ባልደፈረ ነበር። በ1988 ድምፃዊቷ ኬ. ዲ. ላንግ ከብሬንዳ ሊና ከሎሬታ ሊን ጋር አብራ አዘፈነቻት፤ በ1993 ደግሞ ዶሊ ፓርተን፣ ሎሬታ ሊንና ታሚ ዋይኔት በጋራ ባወጡት አልበም ላይ ያንኑ የ1952 ዘፈን ከእርሷ ጋር ዘፈኑት። በ1991 የግራሚ የዕድሜ ዘመን ሽልማት ተሰጣት። የመጨረሻ ትርዒቷን ያቀረበችው በዲሴምበር 31 ቀን 2000 በናሽቪል ሲሆን የ81 ዓመት ሴት ነበረች።

ሦስት ትናንሽ እርማቶች ይቀራሉ። ኪቲ ዌልስ የኬንተኪ ተራሮች ልጅ አይደለችም፤ በኦገስት 30 ቀን 1919 የተወለደችው በራሷ በናሽቪል ከተማ ነው፤ ከሌላ ቦታ መጥተው ናሽቪልን ዝነኛ ካደረጉት ዘፋኞች አብዛኞቹ የሚለዩባትም በዚህ ነው። ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ በ1976 ስትገባም የመጀመሪያዋ ሴት አልነበረችም፤ የካርተር ቤተሰብ በ1970፣ ፓትሲ ክላይን በ1973 ቀድመዋታል። ባሏ ከእርሷ በኋላ ሞተ የተባለውም ተገላብጦ ነው፤ ጆኒ ራይት በሴፕቴምበር 2011 ከዚህ ዓለም ሲለይ ትዳራቸው 74 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር፤ እርሷም በጁላይ 16 ቀን 2012 በ92 ዓመቷ በቴነሲ ማዲሰን ዐረፈች።